ፓራጎን ሲቲን በእግር

ፓራጎን ሲቲ በአሜሪካ ሮድ አይላንድ ግዛት የምትገኝ ትልቅ ከተማ ናት። ካርታ ላይ ብትፈልጓት አታገኟትም፤ ያለችው «ሲቲ ኦፍ ሂሮዝ» በሚባለው የኢንተርኔት ጨዋታ ውስጥ ነው። የካሊፎርኒያው ክሪፕቲክ ስቱዲዮስ ሠራት፣ የኮሪያው ኤንሲሶፍት እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2004 በሯን ከፈተ፣ ያው ኤንሲሶፍት ኖቬምበር 30 ቀን 2012 ዘጋት። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመት ወደዚያች ከተማ የሚወስድ መንገድ በአደባባይ አልነበረም። በ2019 የጨዋታው ኮድ ተጫዋቾች እጅ ገባና በራሳቸው ሰርቨር መልሰው አቆሟት። ከእነዚህ ሰርቨሮች ትልቁ «ሆምካሚንግ» ሲሆን በጃንዋሪ 2024 ከኤንሲሶፍት ሕጋዊ ፈቃድ አግኝቷል። መግቢያ ክፍያ የለም፤ ወጪው የሚሸፈነው ተጫዋቾች በሚያዋጡት ገንዘብ ነው።

እኔ የገባሁት ከአዲስ አበባ፣ ዕድሜው በገፋ ላፕቶፕ ነው። ሃያ ዓመት ያለፈው ጨዋታ ስለሆነ ጉልበተኛ ኮምፒውተር አይጠይቅም። ያሳሰበኝ ኢንተርኔቱ ነበር። እዚህ ግን እንደ ተኩስ ጨዋታ ማነጣጠር የለም፤ ጠላትን በማውስ መርጦ የችሎታውን ቁጥር መጫን ነው፤ ስለዚህ ትንሽ መዘግየት ሰው አይጥልም። «ሪዩኒየን» የተባለው ሰርቨር አውሮፓ ውስጥ ስላለ ለእኛ ይቀርባል። ሰው የሚበዛው ግን «ኤክሰልሲየር» እና «ኤቨርላስቲንግ» ላይ ነው፤ ለጀማሪ ደግሞ ከፍጥነቱ ይልቅ ሰው መኖሩ ይጠቅማል። ኤክሰልሲየርን መረጥሁ። ሜሪላንድ የሚኖር አብሮ አደጌ እዚያ ነው የሚጫወተው፤ ከተማዋን ከመዘጋቷ በፊትም ያውቃታል። እሱ ከሥራ ሲገባ እኔ ዘንድ እኩለ ሌሊት ያልፋል፤ ለጉዞው ስል እንቅልፍ ትቻለሁ።

ኬላው

ከተማዋ ውስጥ እግር ከመትከል በፊት ሰውየውን መፍጠር አለ። መጀመሪያ የኃይሉ ምንጭ ይጠየቃል፦ ተፈጥሮ፣ አስማት፣ ሚውቴሽን፣ ሳይንስ ወይስ ቴክኖሎጂ? ብዙ አዲስ ገቢ እዚህ ላይ ይጨነቃል፤ መጨነቅ አያስፈልግም። በጨዋታው አካሄድ ላይ የሚያመጣው ለውጥ ትንሽ ነው፤ ለታሪካችሁ የሚስማማውን ምረጡ። ማሰብ የሚያስፈልገው ከዚያ ቀጥሎ ነው። የጀግናው ዓይነት እና ሁለቱ የችሎታ ዘርፎቹ አንዴ ከተመረጡ አይለወጡም። ልብሱ በኋላ በልብስ ሰፊው «አይከን» ሱቅ ይቀየራል፤ ከዘርፉ ውስጥ የወሰዳችኋቸውን ችሎታዎችም አፍርሶ እንደገና መምረጥ ይቻላል፤ ዓይነቱ ግን ያው ነው።

«ምን ልሁን?» አልኩት አብሮ አደጌን።

«ብቻህን ነው የምትሄደው ወይስ ከሰው ጋር?» አለኝ።

«አንተ ስትተኛ ብቻዬን ነኝ።»

«እንግዲያው ስክራፐር ሁን። ሌላውን በኋላ ትሞክረዋለህ።»

ምክሩ ትክክል ነበር። ስክራፐር ተጠግቶ የሚመታ፣ የራሱን መከላከያ ይዞ የሚዞር ተዋጊ ነው፤ ማንንም ሳይጠብቅ ይኖራል። ብሩትም እንዲሁ ነው፤ ውጊያው በረዘመ ቁጥር ንዴቱ ይጨምርና ምቱ ይከብዳል። ብላስተር ከሩቅ የሚያወርደው መዓት ነው፣ ሲመታ ግን ቶሎ ይወድቃል። ኮንትሮለር ጠላትን ባለበት አስሮ ያቆማል፤ በቲም ውስጥ ወርቅ ነው፣ ብቻውን በመጀመሪያዎቹ ሌቭሎች ያዘግማል። ታንከር ዱላውን ሁሉ በራሱ ላይ ይቀበላል። ዲፌንደርን በተመለከተ የምለው ስላለኝ ቆይቼ እመለስበታለሁ።

ለሁለተኛው ዘርፍ «ዊልፓወር» ወሰድሁ። አንዴ የሚበሩ ወይም በራሳቸው የሚሠሩ ችሎታዎች ስለሚበዙበት፣ ገና ቁልፎቹን ለሚፈልግ ጣት ይመቻል። ለመምቻ ደግሞ «ስታፍ ፋይቲንግ»፣ ማለትም ረጅም ዱላ። ዱላውን ካየሁ በኋላ ልብሱን ለመምረጥ አልተቸገርሁም፦ እስከ ጉልበት የሚደርስ ካፖርትና ኮፍያ። ስሙን «ዘበኛ» አልሁት፣ በላቲን ፊደል።

በስም ነገር አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ስፓይደርማንን ወይም ዎልቨሪንን አስመስሎ መግባት ያምራል፤ አይደረግም። ማርቭል በ2004 መጨረሻ ላይ፣ ጨዋታው የእኛን ገጸ ባሕርያት ለመቅዳት በር ከፍቷል ብሎ ሁለቱን ድርጅቶች ከሷቸው ነበር፤ ጉዳዩ በ2005 በስምምነት አልቋል። ዛሬም አስተዳዳሪዎቹ የተቀዳ ገጸ ባሕርይ ካገኙ ስሙን ይሰርዛሉ። የኢታን ኮሚክስን «ጀምበር» የወደደ የአገሬ ልጅም መንፈሱን ይውሰድ እንጂ ስሙንና ልብሱን አይቅዳ። ደግሞስ የራሱን ሰው መፍጠር እየቻለ የሌላ ሰው ካባ የሚዋስ ለምን መጣ?

አትላስ ፓርክ

ጉዞው የሚጀመርበት አደባባይ ነው። ከማዘጋጃ ቤቱ ፊት ምድርን በትከሻው የተሸከመ የአትላስ ሐውልት ቆሟል፤ ከሥሩ ሁልጊዜ ሰው አለ። ክንፍ ያለው አለ፣ ከድንጋይ የተሠራ አለ፣ የሚጨፍር አለ፣ አየር ላይ ቆሞ ዝም ያለም አለ። የልብስ ውድድር የሚካሄደው እዚሁ ነው፤ አንድ ባለ ገንዘብ ተጫዋች ይጠራል፣ ሌላው ይሰለፋል፣ ያሸነፈ ሽልማቱን ይወስዳል። ገንዘቡ «ኢንፍሉዌንስ» ይባላል፤ ጀግና በዚህች ከተማ የሚሸምተው ባተረፈው ዝና ነው። ከተማዋ እንደምትዘጋ በ2012 ሲነገር ተጫዋቾች ችቦ ይዘው የተሰለፉትም በዚህ አደባባይ ነው። ኩባንያው ሐሳቡን አልለወጠም።

ከአደባባዩ ሳትወጡ ሁለት ነገር አድርጉ። አንደኛ፣ ለጀማሪ ስጦታ የሚያድለውን ሻጭ ፈልጉ፤ ፈጣን ሩጫና ሌላም ለጀማሪ የሚረዳ ነገር በነፃ ይሰጣችኋል። ይህን ሳያውቅ ከተማዋን ሙሉ በጀማሪ እግር የሚያዘግም ሰው አይቻለሁ። ሁለተኛ፣ ሌቭል ለመጨመር ወደ አሰልጣኝ መሄድ እንዳለባችሁ አስታውሱ፤ እዚህ አሰልጣኟ ሚስ ሊበርቲ ናት፣ ማዘጋጃ ቤቱ ፊት ቆማ ትጠብቃለች።

በአደባባዩ ላይ «ሰዎር! ሁለት ሰው ቀረን!» የሚል ጥሪ በቻት ሲመጣ እጃችሁን አውጡ። «ዴዝ ፍሮም ቢሎው» የሚባለው የፍሳሽ ቦይ ዘመቻ ነው፤ ከ1ኛ ሌቭል ጀምሮ ይገባበታል፣ አጭር ነው፣ ስትወጡ በርካታ ሌቭል ጨምራችሁ ነው። ጭቃው ውስጥ ከማላውቃቸው ሰባት ሰዎች ጋር ስሮጥ ማን ምን እንደሚሠራ በዓይኔ ለየሁ። አንዱ ከፊት ይገባል፣ ሁለቱ ከኋላ እሳት ያዘንባሉ፣ አንዷ በሁላችን ላይ ሰማያዊ ጉልላት ትደፋለች። «ዘበኛ ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ሌሊት ቤት የሚጠብቅ ሰው ነው አልኋት። «ታዲያ ትክክለኛ ጀግና ነዋ» አለች።

ኪንግስ ሮው

ከአትላስ ፓርክ አጠገብ ያለ የድሮ ፋብሪካ ሠፈር ነው። ጡብ፣ ጢስ፣ ጨለማ። የከተማዋ ሠፈሮች በየራሳቸው በግዙፍ የኃይል ግንብ የታጠሩ ናቸው፤ በታሪኩ መሠረት በ2002 ሪክቲ የተባሉ ወራሪዎች ከሌላ ዓለም መጥተው ከተማዋን ሲያወድሟት የተሠራ መከላከያ ነው። ስለዚህ ከሠፈር ወደ ሠፈር የሚታለፈው በበር ወይም በባቡር ነው።

እዚህ በእግሬ ሄድሁ። አብሮ አደጌ ከላይ እየበረረ «ኧረ ቀስ በል አንተ! ምን አስቸኮለህ?» እያለ ያሾፍብኛል። በየጥጉ «ስካልስ» የሚባሉ ወሮበሎች የሴት ቦርሳ ይጎትታሉ፤ ስታስጥሏት ሮጣ መጥታ ታመሰግናለች። ጣሪያ ላይ ስትወጡ «ክሎክወርክ» የሚባሉ የብረት አሻንጉሊቶች ሽቦ ሲፈታቱ ታገኛላችሁ።

የጠላት ስም ቀለም የሚነበበው በእንዲህ ዓይነት ጎዳና ነው፤ ሳትወድቁ ትማሩታላችሁ። ነጭ እኩያችሁ ነው። ሰማያዊ፣ አረንጓዴና ግራጫ ከእናንተ በታች ናቸው፤ ግራጫውን ብትጥሉት ምንም ልምድ አይገኝበትም። ቢጫ በአንድ ሌቭል፣ ብርቱካናማ በሁለት፣ ቀይ በሦስት ይበልጣችኋል። ወይን ጠጅ ከሆነ መንገድ ቀይሩ። አዲስ ሰው የሚረሳው ከቀለሙ ሌላ ማዕረግም መኖሩን ነው። ተራው ሚኒየን ነው፣ ከእሱ በላይ ሉቴናንት፣ ከዚያ በላይ ቦስ። በሌቭል እኩያችሁ የሆነ ቦስ በአንድ ሌቭል ከሚበልጣችሁ ሚኒየን እጅግ ይከብዳል። ሁለቱንም አንብባችሁ ነው የምትገቡት።

ሆሎውስ

አስቀያሚ ቦታ ነው፤ እወደዋለሁ። ምድሩ የተደረመሰ ሠፈር፣ ገደል በገደል። ባቡር አይገባበትም። «ትሮልስ» እና «አውትካስትስ» የተባሉ ሁለት ወሮበላ ቡድኖች ይሻሙበታል። በድሮው ዘመን የመጓጓዣ ችሎታ የሚገኘው በ14ኛው ሌቭል ስለነበር፣ ጀማሪዎች ይህን ሁሉ በሩጫ ሲያቋርጡ ያልቁ ነበር አሉ። አሁን በ4ኛው ሌቭል ይገኛል። መብረር ዝግ ይላል፣ ግን ከሁሉም ላይ ያሳልፋል። «ሱፐር ስፒድ» ምድር ላይ የሚደርስበት የለም፣ ገደል ሲያጋጥም ግን መቆም ነው። ዝላይ በመካከላቸው ነው። ቴሌፖርት በየመንገዱ እየጠቆሙ መጫን ስለሚፈልግ፣ ኢንተርኔቱ ለሚቆራረጥበት ሰው አልመክርም፤ ጠቁማችሁ ሳትጨርሱ ወደ ታች ትወድቃላችሁ። እኔ መብረርን ወሰድሁ። ካፖርት የለበሰ ዘበኛ ሲበር ማየት በራሱ ደስ ይላል።

እዚህ ፍሮስትፋየር የሚባል ሰው አለ፤ በአንድ እጁ በረዶ፣ በሌላው እሳት። ቤቱ ውስጥ መወጣጫው በረዶ ስለሆነ ያንሸራትታል፤ ቲም ሙሉ ተያይዞ ሲንሸራተት የዚህች ከተማ የታወቀ ቀልድ ነው። ኢንስፒሬሽን የሚባሉትን ትንንሽ ማበረታቻዎች ለምን እንደተፈጠሩ የሚያሳየውም እሱ ነው። አረንጓዴው ጤና ይመልሳል፣ ሰማያዊው ድካም ያስወግዳል፣ ቀዩ ምት ያከብዳል፣ ቢጫው ዒላማ ያስተካክላል፣ ወይን ጠጁ ጠላት እንዲስታችሁ ያደርጋል፤ ሲያስሯችሁ የሚፈታም አለ። ጀማሪው እነዚህን ለክፉ ቀን ብሎ፣ ለእንግዳ ብላ ብርጭቆ ብፌ ውስጥ እንደምትቆልፍ እመቤት ያከማቻል። ጠላት ግን ሲወድቅ ብዙ ጊዜ ሌላ ይጥላል፤ ማስቀመጫው ከሞላ አዲሱ አይገባም። ስለዚህ ዋጧቸው። የማያስፈልጋችሁ ዓይነት ከበዛ፣ ሦስት ተመሳሳዮችን አዋሕዳችሁ ወደምትፈልጉት አንድ መለወጥ ትችላላችሁ። ፍሮስትፋየር በር ላይ ሦስት ቢጫ ይዞ ቆሞ በአረንጓዴ እጦት የሚወድቅ ሰው ማሳዘን የለበትም።

መውደቅ ራሱ አያስፈራ። ዕቃ አይወሰድባችሁም፤ ሆስፒታል ውስጥ ትነቃላችሁ። ከመጀመሪያዎቹ ሌቭሎች በኋላ ዕዳ ይመዘገባል፣ እሱ እስኪከፈል ከምታገኙት ልምድ ግማሹ ወደ ዕዳው ይሄዳል፤ ጥቂት ሚሽን ከሠራችሁ ያልቃል።

ስቲል ካንየን

ሰማይ ጠቀስ ሕንፃዎች፣ መካከላቸው ጠባብ ጎዳና። አልፎ አልፎ ሕንፃ በእሳት ይያያዛል፤ ጀግኖች ከየአቅጣጫው እየበረሩ ማጥፊያ ይዘው ይረባረባሉ። ዩኒቨርሲቲም የጨረታ ቤትም እዚህ አለ። ኪሱን ማስተካከል የሚፈልግ ጀማሪ ቢያንስ አንድ ማታ ሊቆይበት ይገባል።

እያንዳንዱ ችሎታ ቀዳዳዎች አሉት፤ ቀዳዳዎቹ ውስጥ ማጠናከሪያ ይገባል። ለመምቻ ችሎታዎች መጀመሪያ የዒላማ ማጠናከሪያ አስገቡ፤ የማያርፍ ምት ምንም ያህል ቢከብድ ዋጋ የለውም። ከዚያ የጉዳት ማጠናከሪያ፣ እስከ ሦስት። ከሦስተኛው በኋላ አንድ ዓይነት መደራረብ ትርፉ በጣም ይቀንሳል፤ ይህ ሕግ ከ2005 ጀምሮ ያለ ነው። ከሱቅ የሚገዛው ማጠናከሪያ ሌቭላችሁ ሲያድግ ይደክማል። ዩኒቨርሲቲው በሚያስተምረው መንገድ ተሠርቶ የሚገባው ግን አያረጅም፤ ወደ 25ኛው ሌቭል ስትጠጉ በዚህ መተካት ጀምሩ። ገንዘቡስ? ከጠላት የሚወድቀውን ጥሬ ዕቃና የአሠራር ወረቀት ለሱቅ አትሽጡ፤ ጨረታ ቤት አውጡት። ሌላ ሰው በብዙ እጥፍ ይገዛችኋል።

ከሰው ጋር

ስለ ዲፌንደር የገባሁትን ቃል ልፈጽም። ከሌሎች ጨዋታዎች የመጣ ሰው ቲም ሲሠራ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ፈዋሽ አለን ወይ?» ብሎ ነው። ፓራጎን ሲቲ ውስጥ ይህ ጥያቄ አዲስ መሆኑን ያስነቃበታል። እዚህ ትልቁ ድጋፍ የሚሰጠው ከቁስል በፊት ነው። «ፎርስ ፊልድ» የያዘ ዲፌንደር አረፋ ሲያለብሳችሁ የጠላት ምት አብዛኛው ይስታል። «ራዲዬሽን» የያዘው ጠላትን ያደክማል፣ የጠላት መከላከያ ይላላል። «ካይኔቲክስ» የያዘው ከጠላት ጉልበት ነጥቆ ለእናንተ ያካፍላል፤ እሱ ባለበት ቲም ሁሉ ይፈጥናል። ፍሳሽ ቦዩ ውስጥ ጉልላት የደፋችብን ሴት አንዴም አላከመችንም፤ ማከም የሚያስፈልገው ሰው አልነበረማ። እንደ እኔ ፍርድ የዚህ ጨዋታ ትልቁ ብልሃት ይሄ ነው። ማንም በማንም ቦታ ሊገባ ይችላል፤ ታንከር የሌለው ቲም ይሄዳል፣ ፈዋሽ የሌለው ቲም ይሄዳል፣ ስምንት ብላስተር እንኳ ተሰብስቦ እየጮኸ ይሄዳል። ስለዚህ «የእኔ ዓይነት አይፈለግም ይሆን?» ብላችሁ ከጥሪ አትቅሩ።

ሌቭል ማነስም ሰበብ አይሆንም። ቲም ውስጥ ስትገቡ ጨዋታው ራሱ ከመሪው ጋር ያስተካክላችኋል፤ 6ኛ ሌቭል ላይ ያለ ሰው ከ50ኛው ባለቤቶች ጋር ይዋጋል፣ ትልቁም ወደ ትንሹ ሲወርድ እንዲሁ። ሥነ ሥርዓቱ ጥቂት ነው፦ አዲስ ከሆናችሁ ስትገቡ ተናገሩ፣ ታንከሩን ቀድማችሁ ጠላት አትንኩ፣ መብራት ሊጠፋ የሚችልበት አገር እንደምትኖሩ ንገሯቸው። እኔ መሐል ላይ ጠፍቼ ስመለስ ቲሙ በሩ ላይ ቆሞ እየጨፈረ ይጠብቀኝ ነበር።

ስትወጡም የምትወጡበትን ቦታ ምረጡ። ገጸ ባሕርያችሁን ሆስፒታል ወይም ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አቁማችሁ ብትዘጉት፣ እናንተ ተኝታችሁ እሱ የቀን ሥራ እየሠራ ይቆጠርለታል፤ ከጊዜ በኋላ ለዚያ ሥራ ባጅ ይሰጠዋል። ዘበኛ የሚያድረው ማዘጋጃ ቤት ነው፤ ሌላ የት ያድራል?

የማልመክረው

አትላስ ፓርክ አደባባይ ላይ ስትቆሙ አንድ ደግ ሰው ይጠራችኋል። «አርኪቴክት» በሚባለው፣ ተጫዋች የራሱን ሚሽን በሚፈጥርበት ሕንፃ ውስጥ፣ ገብታችሁ በር ላይ ብትቆሙ እሱ ብቻውን ጠላቱን እያጨደ በአንድ ማታ ወደ 50ኛው ሌቭል አካባቢ ያደርሳችኋል። ፋርም ይሉታል። ክፋት የለበትም፣ አብዛኛውን ጊዜ ገንዘብም አይጠይቅም፤ ከተማዋን አሥር ጊዜ ለዞረ ሰው ይመቸዋል። አብሮ አደጌም እንደዚያ ያሳደጋቸው ብዙ ገጸ ባሕርያት አሉት።

ለመጀመሪያ ገጸ ባሕርይ ግን እምቢ በሉ። ሃያ ምናምን ችሎታ በአንዴ ታቅፎ የትኛው ለምን እንደሆነ የማያውቅ 50ኛ ሌቭል ጀግና በቲም ውስጥ ሸክም ነው፤ እሱም ራሱ ያውቀዋል፣ አፍሮ ይወጣል። ከዚህም በላይ ኪንግስ ሮውን፣ ሆሎውስን፣ የስቲል ካንየንን እሳት፣ ወደ ባሕሩ የሚያዩትን የታሎስ አይላንድ ደሴቶች ያላየ ሰው ምኑን መጣ?

እንግዲህ የምትጀምሩ ካላችሁ የሆምካሚንግን ላውንቸር አውርዱ፣ አካውንት ክፈቱ፣ ስክራፐር ወይም ብሩት ፍጠሩ፣ 20ኛው ሌቭል እስክትደርሱ ከፋርም ራቁ። የተቸገራችሁበትን ሁሉ «ሄልፕ» በሚለው ቻናል ጠይቁ፤ ሌሊትም ቢሆን የሚመልስ ሰው አይጠፋም።